ያዘመመው ወንበር

«ይቺ ሴትዮ ሐኪም አይደለችም» አለች ልጅቷ፣ ፎቶውን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ።

ፎቶ አንሺው ፖስታውን ካቀበላት ገና ቦርሳውን ከትከሻው አላወረደም። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ ይንኳኳል፤ የቀለም ሽታ ከወረቀት ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ይሰረስራል። ፖስተር የሚቀናበርበት ኮምፒውተር መስኮቱ ሥር ነው። እዚያ የምትቀመጠው እሷ ናት፤ እዚያ የደረሰ ፎቶ ደግሞ ሳይመረመር አያልፍም።

«ማን ሐኪም ናት አለሽ?» አላት።

«ማንም አላለኝም። የሚያናድደኝም እሱ ነው።»

ፎቶው ለአንድ ክሊኒክ ማስታወቂያ የተነሣ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ አንገቷ ላይ የልብ ማዳመጫ ያንጠለጠለች ሴት ፈገግ ብላ ታያለች።

«ማዳመጫውን ገልብጣ ነው ያጠለቀችው። ጥፍሯ ሥር ደግሞ አረንጓዴ ነገር አለ። ይቺ እኮ ጥግ ላይ ቲማቲም የምትሸጥልን ሴትዮ ናት! ትናንት የበሰበሰውን ከታች ደብቃ ሸጠችልኝ፤ ዛሬ ደግሞ ላክምሽ ትለኛለች።»

ፎቶ አንሺው ሳቁ አመለጠው። «እኔ ጋዋን አለበስኳት እንጂ ሐኪም ናት ብዬ አልጻፍኩም።»

«እሱን ነው የምልህ። አንተ አላልክም፤ እኔን አስባልከኝ። ‹ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው› የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ዋጥ አድርገህ፣ ከሆዴ አውጥቼ እኔው እንድሞላልህ ተውከኝ። ሰው ሌላው የነገረውን ይጠረጥራል እንጂ ራሱ ያለውን አይጠረጥርም።»

ፎቶ አንሺው የጠፋበትን ቁልፍ ድንገት ኪሱ ውስጥ እንዳገኘ ሰው አያት። እሷም ያንን አስተያየት አየችው፤ ወዲያውም ጠረጠረችው።

አባቷ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ገና አፏን ስትፈታ ጀምሮ «ዐቃቤ ሕግ» ይሏታል፤ ለቤተሰቡም ለሠፈሩም ሌላ ስም ያላት አይመስልም። ትምህርቷን ከመሃል ነው ያቋረጠችው። «ያልተማረች» ሲሏት «አላስተማሩኝም እንጂ ተምሬያለሁ» ብላ የተናጋሪውን አፍ ታዘጋለች። የተማረችውም እንዲህ ነው፦ ለማሽን መጥረጊያ ከመጣ አሮጌ ወረቀት መሃል ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አገኘች። የጥንት ሰዎች አደባባይ ቆመው ሕዝብ የሚያሳምኑበትን ጥበብ ይዘረዝራል። አድማጭ የሚታሰረው በሦስት ገመድ ነው ይላል፦ በተናጋሪው ማንነት፣ በሰሚው ስሜት፣ በነገሩ ምክንያት። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ብልኅ ተናጋሪ አንዷን ዓረፍተ ነገር ሆን ብሎ ሳይናገራት የቀረ እንደሆነ ነው፤ ሰሚው ራሱ ይሞላታልና።

መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ንግግር ብቻ ነበር። ሥዕልም አፍ ሳይኖረው እንደሚሟገት የደረሰችበት ራሷ ናት። በዚህም ትኮራለች፤ መኩራት ደግሞ ታውቅበታለች። ሕጓም አንዲት ተረት ነበረች፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በማግስቱ ፎቶ አንሺው ሌላ ፎቶ ይዞ መጣ። አሁን የተነሣችው ሴት እውነተኛ ሐኪም ናት። ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ታዛጋለች፤ የጋዋኗ ኪስ ላይ እስክሪብቶ ፈስሷል።

«ይቺስ?» አለ፣ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ቆሞ።

ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። «ይቺ ሐኪም ናት።»

ፊቱ በራ።

«አሁን ግን ‹የደከመ ሰው አይዋሽም› እንድል ፈልገሃል። የደከመ ሰው ይዋሻል። እኔ ራሴ ሲደክመኝ ነው አሳምሬ የምዋሸው።»

«እና ምን ይሻለኛል?»

«ፎቶ አታንሣ።»

«መተዳደሪያዬ ነው እኮ።»

«እንግዲያው በየቀኑ እያመጣህ አስመርምር።»

ይህን ያለችው ልታባርረው ነበር። እሱ ግን ግብዣ አድርጎ ወሰደውና በየቀኑ መጣ።

ከሥራ ሲወጡ አብረው መሄድ ጀመሩ። መንገዱን ዳርና ዳር የሞላው ማስታወቂያ መጫወቻቸው ሆነ። ጨዋታውን «ያልተባለችው» አሉት። አንዱ ፎቶ ያሳያል፣ ሌላው የተዋጠችውን ዓረፍተ ነገር ያወጣል።

አንድ ተመራጭ እጅጌውን ጠቅልሎ ሕፃን አቅፎ ግድግዳ ሙሉ ተለጥፏል።

«‹እጅጌውን የጠቀለለ ሁሉ ይሠራል›» አለች እሷ።

«‹ሕፃን ያቀፈ ሁሉ ርኅሩኅ ነው›» አለ እሱ።

«ሕፃኑን እየው እስቲ! ከማያውቀው ሰው እቅፍ ለመውረድ እየተንፈራገጠ ነው። እዚህ ፎቶ ውስጥ እውነቱን የሚናገር እሱ ብቻ ነው።»

ፎቶ አንሺው እስኪያስለው ሳቀ። እሷ ግን የሳቀውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ታነበው ጀመር። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ የአንድ ጫማው ክር ግን ተበጥሶ መሃል ላይ ተቋጥሯል።

«ይሄ ቋጠሮ ለምንድን ነው? ‹ራሱን የማያሳምር ሰው ሐቀኛ ነው› እንድልልህ ነው?»

ወደ ጫማው ጎንበስ ብሎ አየ። «ተበጥሶብኝ ነው የቋጠርኩት።»

«ሁሉም የሚሉት እንደዚያ ነው።»

በማግስቱ የሁለቱንም ጫማ ክር ቀይሮ መጣ። አዲሱን ክር ስታይ ደስ ሊላት ሲገባ ያ ቋጠሮ ናፈቃት። ቤቷ እስክትደርስ ለብቻዋ ስትስቅ ራሷን ያዘችው፤ ሳቋንም ቆማ ጠረጠረችው። *ማን ነው ያስባለኝ?*

አክስቷ ነገሩን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ፎቶ አንሺ? በአንድ ዓይኑ እያየ የሚተዳደር ሰው? ጨፍኖ ያስቀመጣት ሁለተኛዋ ዓይን ለሌላ ሴት ናት፣ እወቂ!»

«አክስቴ፣ የዛሬ ካሜራ ዓይን አያስጨፍንም።»

«ይባስ ብሎ በሁለቱም ያያላ!»

አባቷ ከሰዓቶቻቸው ቀና ሳይሉ ሳቁ። ዐቃቤ ሕጓም ሳቀች፤ የአክስቷ ቀልድ ግን እንደ አሸዋ ፍሬ ጫማዋ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

አንድ ቀን፣ ማሽኑ ለቀለም ቅያሪ ቆሞ ማተሚያ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ፎቶ አንሺው ባዶ እጁን መጣ። ካሜራ የለ፣ ፖስታ የለ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አለ። «ሳልለው የማስቀረው የለም። ላገባሽ እፈልጋለሁ።»

የሷ ጣቶች የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ቆሙ። ከጀርባ አንድ የወረቀት ክምር ቀስ ብሎ ተንሸራቶ ፈሰሰ፤ ማንም ዞሮ አላየውም።

«ከዚህ ነገር ጀርባ ምን አለ?» አለች በመጨረሻ።

«እናቴ አለች።»

እናቱ ሌላ ከተማ ናቸው፤ መናኸሪያ ዳር ለአውቶቡስ ሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍተው እሱን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት። ከምድጃቸው ተለይተው የትም አይሄዱም። ስለ ልጅቷ ሲነግራቸው «ፎቶዋን ላክልኝ» ብለውታል። «ቃል አልፈልግም። ስለ ወደዳት ሴት የሚያወራ ወንድ ምስክርነቱ አይቆጠርም።»

ይህቺን ስትሰማ ዐቃቤ ሕጓ ሴትዮዋን ሳታያቸው ወደደቻቸው፤ ወዲያውም ፈራቻቸው። ፎቶ ተነሥታ አታውቅምና። በሌሎች ፎቶ ላይ የምትፈርድ ሰው በገዛ ፎቶዋ ሊፈረድባት ነው።

«እሺ» አለች። «ግን እንዴት እንደምነሣ የምወስነው እኔ ነኝ።»

ፎቶው በሚነሣበት ቀን ቤቱ ችሎት መሰለ። አክስቷ የወርቅ ጆሮ ጌጣቸውን በመሐረብ ቋጥረው መጡ፤ «ይቺን አድርጊና ፍሪጁ አጠገብ ቁሚ፤ ትንሽ ከፈት አድርጊው» አሉ።

«‹ፍሪጅ ያለው ቤት ልጅ ባለጌ አትሆንም› እንዲሉ?»

«ምን ችግር አለው? እውነት አይደል?»

አባቷ ደግሞ ወፍራም መጽሐፍ አመጡላት። «ይሄን እንኳ ያዢው፤ ታነቢ የለ?»

«ሳነብ እንጂ ይዤ ስገተር አይተውኝ ያውቃሉ አባዬ?»

ጌጡን መለሰች፣ መጽሐፉን አስቀመጠች፣ መጋረጃውን ወደ ጎን ሰበሰበች፣ የአበባ ማስቀመጫውን አነሣች። ባዶው ነጭ ግድግዳ ሲቀር ፊት ለፊቱ ቆመች። አልሳቀችም። ይህ ፎቶ አንዲት ያልተባለች ዓረፍተ ነገር እንኳ አይኖረውም ብላ ቆርጣለች።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አቆመ። አስተካከለና ቀና አለ፤ ከካሜራው ጎን ቆሞ ማንሻውን በእጁ ይዞ ዝም ብሎ አያት። እሷም አየችው።

ካሜራው ቀጭ አለ።

ፎቶውን ስታየው ተናደደች። «ሌንሱን አላየሁም። ድገመው።»

«ይቺ ትበቃለች» አለ እሱ፣ ድምፁ ትንሽ ሻክሮ።

ለእናቱ ሲልክ ስልክ ቁጥሯንም ጨመረ። «ለእሷም ቃል አትላኪላት፤ እሷም ቃል አታምንም» ብሎ ጻፈላቸው። ይህንንም በኩራት አነበበላት። በማግስቱ ራቅ ያለ ገጠር የሚሠራ ድልድይ ፎቶ ሊያነሣ ሄደ፤ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነው፣ ሳምንት ይቆያል ተባለ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ከሥራ በኋላ ስልኳ ጮኸ። ሰላምታ የለ፣ ስም የለ፤ አንድ ፎቶ ብቻ። አረንጓዴ የተቀባውን መስኮትና ከመስኮቱ ማዶ የቆሙትን አውቶቡሶች ወዲያው አወቀቻቸው፤ የእናቱን ምግብ ቤት ደጋግሞ አሳይቷታል።

ረጅም ጠረጴዛ አለ። ዙሪያውን ወንበሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንዱ ወንበር ግን ወደ ፊት አዘምሟል፤ የመደገፊያው ግንባር ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደፍቶ የኋላ እግሮቹ ከመሬት ተነሥተዋል።

ፎቶውን ብዙ ማየት አላስፈለጋትም። ማተሚያ ቤቱ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ወለሉን ሊጠርግ ሲል ወንበሮቹን እንዲሁ ይደፋቸዋል። *ዘግተናል* ማለት ነው። ለሌላው ሁሉ ቦታ አለ፤ ላንቺ ዘግተናል።

ጥርጣሬዋ እንደ ታማኝ ውሻ መጥቶ እግሯ ሥር ተኛ፣ አንድ በአንድም ይነግራት ጀመር። ለምንድን ነው ፎቶው በተላከ ማግስት የሄደው? ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ዛሬም አለ? «ይቺ ትበቃለች» ሲል ድምፁ ለምን ሻከረ? ሲጀመር ያ ሁሉ «መርምሪኝ» ምን ነበር? ሊሸነፍ የሚመጣ ሰው የታመነ ይመስላል፤ መሸነፉ ራሱ ጋዋን ነበር። ለበሰልኝ፣ አመንኩት!

ልትደውልና ልትጠይቅ ትችል ነበር። ግን የምትጠይቅ ሰው ያልገባት ሰው ናት፤ እሷ ደግሞ ያልገባት ሆና አታውቅም።

ፎቶ አንሺው ሲመለስ ከመናኸሪያ በቀጥታ ማተሚያ ቤት መጣ። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ጫማውን አቧራ ውጦታል። *‹ሳይታጠብ የሮጠ ሁሉ ይወዳል›* ስትል አነበበችው፣ ልቧንም አጨከነች።

«እናቴ መለሰችልሽ?»

«መለሱ።»

«እና?»

«ገባኝ። ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ባለበት ቆመ፤ ማን እንደሚያነሣው ያጣ ዕቃ መሰለ። «ምን ብላሽ ነው?»

«ምንም አላሉኝም። ያልተባለችውን ማግኘት ታውቅ የለ? ፈልጋት።»

ወጣ። በመስኮቱ ስታየው ቆሞ ስልክ ደወለ፤ አዳመጠ፤ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። በመስታወቱ በኩል ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ተመልሶ አልተከራከረም። *ንጹሕ ሰው ይከራከራል* አለች ለራሷ፤ ፍርዱን በዚህ አተመችው።

የተፈረደበት ሄደ፤ እስር ቤት የገባችው ግን ፈራጇ ሆነች። ማስታወቂያዎቹ ያው ናቸው፤ ያልተባለችውን ስታወጣ የሚስቅላት የለም። ቲማቲም ሻጯ እንኳ አላሳረፈቻትም። «ያ ሐኪም ያደረገኝ ልጅ የት ጠፋ? ከሱ ወዲህ እኮ ሠፈሩ ሁሉ ‹ዶክተር› እያለ ነው የሚገዛኝ!»

አንድ ቀን ከእራት በፊት አባቷ የሰዓት ማጉያቸውን ከዓይናቸው አወጡ። «ክርክሩ አለቀ?»

«አለቀ አባዬ።»

«ተከሳሹ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ተጠይቆ ነው?»

አባቷ መዳፋቸው ላይ ያለችውን ሰዓት ክዳን መልሰው ገጠሙ። «ሳይጣራ ወሬ፣ ሳይገደል ጎፈሬ አሉ» አሉ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረም ይባላል።»

«ይባላል። የጠረጠረውስ ምን ተረፈው ልጄ?»

ይህቺ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳቻት። በማግስቱ ሥራ ስትገባ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችው። የከፈተችው ልትታረቅ አልነበረም፤ ማስረጃዋን ልታጠናክር ነበር። ስክሪኑ እስኪሞላ አጎላችው።

የጠረጴዛው ሌላ ቦታ ሁሉ ባዶ ነው። ካዘመመው ወንበር ፊት ለፊት ግን ንጹሕ ሳህን አለ፤ አጠገቡ አቧራ እንዳይገባበት የተደፋ ብርጭቆ፣ በሥርዓት የታጠፈ ናፕኪን። በስልኳ ትንሽ መስታወት ላይ አላየቻቸውም ነበር። አልፈለገቻቸውምም።

የዘጋ ሰው ለማን ሳህን ያቀርባል?

ስክሪኑ ፊት ደርቃ ቀረች። «ዘግተናል» ያላት ማን ነው? ወንበሩ አላላትም። ሴትዮዋም አላሏትም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከሆዷ አውጥታ የሞላችው ራሷ ናት። ለዚያውም አንዲት ብቻ አልነበረችም። ለጫማው ክር፣ ለአቧራው፣ ለዝምታው፣ ለሁሉም የሞላችው ያችኑ አሮጌ ዓረፍተ ነገር ነው፦ *ሰው ሁሉ ያታልላል*። የሚያምን ሰው ይሸወዳል ስትል፣ የሚጠረጥር ሰውም በጥርጣሬው በኩል እንደሚሸወድ መጽሐፉ አልነገራትም። ወይ ያ ገጽ ከሽፋኑ ጋር ተገንጥሎ ነበር።

ለሥራ ባልደረቦቿ ምንም ሳትል ኮቷን አንሥታ ወጣች። ወደ እናቱ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ የት እንደሚቆም ጠይቃ ተሳፈረች። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያልገባት ሰው ሆና ጠየቀች።

ምግብ ቤቱ በምሳ ሰዓት እንደ ንብ ቀፎ ይተማል። የሾርባ እንፋሎት መስኮቱን አጨልሞታል። ሾፌሮች ተጠጋግተው ይበላሉ፤ ቦታ ያጡት ደግሞ መስኮቱ ጋር ቆመው ሳህናቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ዳር፣ አንድ ወንበር ግንባሩን ደፍቶ ባዶውን ቆሟል። ሳህኑም ፊቱ አለ፣ ብርጭቆውም።

ልጅቷ እጇን ዘርግታ መደገፊያውን ነካችው።

«ተይ! ተይ እህቴ፣ ተይዟል!» ጮኸ አንድ ሸበቶ ሾፌር፣ ማንኪያውን አፉ ዘንድ አቁሞ።

«በማን?»

«እኛ ምን እናውቃለን። ወንበር ካዘመመ ተይዟል ነው። ‹መንገድ ላይ ነኝ› ብሎ የደወለ ሰው ቦታው እንዳይሄድበት እትዬ እንዲህ ታዘምለታለች። የዚህኛው ባለቤት ግን መንገዱ ጠፍቶበት ነው መሰለኝ፤ በሱ የተነሣ ሾርባዬን ቆሜ ስጠጣ ከረምኩ!»

ሾፌሮቹ ሳቁ። እሷ ወንበሩን እንደያዘች ቀረች።

ከወጥ ቤቱ በር ጭልፋ የያዙ ሴት ወጡ። ሳቁን ሰምተው ነው። ልጅቷን ሲያዩ ቆሙ። ስም አልጠየቁም። ፊቷን አዩ፣ ከዚያ ከኋላዋ የሆነ ነገር የሚፈልጉ መሰሉ።

«ግድግዳሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» አሉ።

ልትናገር ሞከረች። ያ ሁሉ ምላስ የት ሄደ? «እትዬ... እኔ... ዘግተናል ያሉኝ መስሎኝ ነበር።»

«ዘግተናል?» እናትየው ወንበሩን አዩ፣ በሰው የታጨቀውን ቤት አዩ፣ ጭልፋውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ይሄን ቤት ልጄን የወለድኩ ቀን እንኳ የዘጋሁት ለግማሽ ቀን ነው! እሱ ‹ምን ላክሽላት?› ብሎ ሲደውል ‹ወንበሯን ይዤላታለሁ› አልኩት። ‹እንግዲያው አይታ ነው እምቢ ያለችው› አለና ስልኩን ዘጋ። የእናንተ ነገር! ሁለት የተማረ ሰው አንድ ወንበር ማንበብ አቃታችሁ?»

«ለምን ወንበሩን አላነሡትም ታዲያ? እምቢ ካልኩ?»

እናትየው ከሽርጣቸው ኪስ ስልካቸውን አወጡና የልጅቷን ፎቶ ከፍተው ፊቷ ላይ አቀረቡት። ነጩ ግድግዳ፣ ያልሳቀው ፊት።

«ይቺን እኔው ነኝ እንዲህ ያስነሣሁት» አለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ። «ምንም እንዳትናገር ብዬ።»

«ምንም እንዳትናገር? ኧረ ልጄ! ከዚህ ፎቶ የባሰ ለፍላፊ በዘመኔ አላየሁም!» ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አኖሩ። «ዓይንሽን እዪው። ካሜራውን አይደለም የምታዪው። ከጎኑ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ ከካሜራው ጎን ማን ቆሞ ነበር?»

የልጅቷ ፊት እስከ ጆሮዋ ነደደ። አየችው። በባዶ ግድግዳ፣ ያለ ጌጥ፣ ያለ ሳቅ፣ ሌላ ምንም የሚታይ ነገር ስለሌለ ያ አስተያየት ብቻውን ፎቶውን ሞልቶታል። ጋዋን አልነበረውም። ያለበሰውም የለም።

«ልጄን እንዲህ የምታየው ሰው እስክትመጣ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት» አሉ እናትየው፣ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንዲህ ያየች ሴት ብትዘገይ ነው እንጂ አትቀርም ብዬ ወንበሩን ተውኩት።» ከዚያ ወንበሩን በአንድ እጃቸው ገፋ አድርገው አቃኑት። አራቱም እግሮች ወለሉን መቱ። «ተቀመጪ። ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

ተቀመጠች። ሾፌሮቹ ወደ ሳህናቸው ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ ግን አሁንም በዓይናቸው ጠርዝ ያያሉ።

«ልደውልለት?» አሉ እናትየው።

ልጅቷ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። አጠገቧ የነበረው ሰው በልቶ ሲነሣ ጠበቀች። ከዚያ የሱን ወንበር ያዘች፣ ወደ ፊት አዘመመችው፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፈችው። ብርጭቆ አምጥታ ደፋችለት። እንዳይወድቅ ትንሽ አስተካከለችው።

«አሁን ያንሡኝ» አለች።

እናትየው አነሡ። እሷን፣ አጠገቧም ያዘመመውን ወንበር። በዚህኛው ፎቶ ሌንሱን በቀጥታ አየችው። አንድ ቃል ሳይጨመር ተላከ።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ ተኛ። ጥርጣሬዋ ከበሩ ሥር ገብቶ እግሯን ያሸት ጀመር፦ *ዘግይተሻል። አያይም። አይቶም አይመልስም።* ሾርባዋን ጠጣችና አላዳመጠችውም። ከውጭ አንድ አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ።

ስልኩ በራ። ሦስት ቃል ብቻ፦ «መንገድ ላይ ነኝ።»

ቀና ስትል ሳህን የያዘ ጎረምሳ ሾፌር ቦታ ፍለጋ በጠረጴዛው ዳር መጥቶ እጁን ወደ ወንበሩ ሲዘረጋ አየችው። መደገፊያውን ቀድማ ያዘችው።

«ተይዟል» አለች።

«በማን?»

«መንገድ ላይ ባለ ሰው።»